አፈር ያልጣለ እጅ

እሑድ፣ መጋቢት 7

ትናንት ወንድሜን አግዋንዳን ግቢያችን ውስጥ ቀበርነው። ንጌሳ አፈር አልጣለም።

የፊዚክስ ደብተሬን ከኋላ በኩል የገለጥኩት ይህን ለመጻፍ ነው። በእኛ በሉኦዎች ዘንድ ሬሳው ከወረደ በኋላ ሁሉም ሰው እፍኝ አፈር አንስቶ ይጥላል። የገደለ ሰው ግን አይችልም። ከጣለ እጁ ያብጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ሟቹም በሩ ላይ ይቆምበታል። ስለዚህ ገዳይ ሁልጊዜ ምክንያት ፈልጎ ከኋላ ይቀራል ይላሉ አዋቂዎች። ንጌሳ ከኋላ ቀርቷል። ከቁልቋሉ አጥር ጋር ተጠግቶ፣ ግራ ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ጉድጓዱን ሳያይ ቆሞ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ከወንድሜ ጋር በአንድ ጀልባ የሠራ ሰው ነው።

ከቀብሩ ዘጠኝ ቀን በፊት፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ የሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ የአባባ ኦባራ መረብ ጀልባችን ውስጥ ተገኘ። ሁለት ወር ሙሉ መረብ ሲሰረቅ ስለከረመ ሰው ሁሉ ተቃጥሎ ነበር። አግዋንዳን ከቤት አውጥተው እዚያው፣ ዓሣ የሚሰጣበት አሸዋ ላይ ደበደቡት። ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ። ፖሊስ «ማንነታቸው ያልታወቁ ሰዎች» ብሎ ጻፈ። ራንጎ ዳርቻ ላይ፣ በዚህች የሐይቅ መንደር፣ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው የለም። የውሾቹን ስም እንኳ እናውቃለን።

እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ።

አንድ ሰው መጀመሪያ «ሌባ» ብሎ ጮኋል። ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው የሚጀምረው። ያንን ሰው አሁን አውቄዋለሁ።

ቀብሩ ላይ እኔ እናቴን ደግፌ ስለነበር ሁለቱም እጆቼ ተይዘው ነበር።


ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ትምህርት ቤት። ዴስኬ ላይ በጠመኔ መረብ ሥለውበታል። አጠገቤ የሚቀመጠው ቦኒ በእጅጌው ጠረገው።

«ተዋቸው ኦዴሮ፣ በፈተና ታገኛቸዋለህ» አለኝ።

እኔ የምፈልገውን ሰው በፈተና አላገኘውም።

ጠዋት ጉም ነበር። ጉም አልወድም።


ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ከትምህርት መልስ እናቴ «ተነስ፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ» አለችኝ። የዳርቻው ኮሚቴ ቢሮ ወሰደችኝ። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ ራስጌው ላይ በቀለም «በስርቆት የታገዱ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ በጠመኔ ሦስት ስም አለ። ሦስተኛው አግዋንዳ ነው። የሞተን ሰው አግደዋል።

ሊቀመንበሩ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጣት።

«የአግዋንዳ እናት፣ ሐዘኑ የሁላችንም ነው።»

«የሁላችሁም ከሆነ ስሙን አጥፉልኝ።»

«እኔ ብቻዬን አላጠፋም፣ ኮሚቴ አለ። መረቡን እሱ እንዳልጎተተው የሚመሰክር አንድ ሰው አምጪልኝ፣ በገዛ እጄ አጠፋዋለሁ።»

«አንድ ሰው ብቻ?»

«አንድ ሰው። ግን በዓይኑ ያየ።»

እናቴ ዘወር ብላ አየችኝ። ቆየች። ቦርሳውን እንድይዝላት መሰለኝና ያዝኩላት። የቢሮው ወለል ሲሚንቶ ነው። ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ተሰንጥቋል።

ማታ ላይ፣ ኡጋሊውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ እያማሰለች፣ «የአግዋንዳ ልጅ ሲያድግ አባትህ ማን ነበር ይሉታል። ሌባ ነበር ይሉታል» አለች። አግዋንዳ ልጅ የለውም። ይህን ልነግራት አልፈለግሁም።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ዓሣ የሚጠብሱት ሴቶች ጋ ወረፋ ይዤ ስጠብቅ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያወሩ ነበር።

«ንጌሳ እኮ ነው መጀመሪያ የጮኸው።»

«እንዴት ያለ ጩኸት! እኔ ቤቴ ሆኜ ሰማሁት።»

ሲያዩኝ እሳቱን ማራገብ ጀመሩ። ትልቋ «ና ልጄ፣ ጭንቅላቱን ልስጥህ፤ ለተማሪ ጭንቅላት ነው የሚበጀው» አለች። ሳልቀበላት ሄድኩ።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? አፈር አልጣለም። መጀመሪያ ጮኋል። ክንዱ ተሰብሯል። ሰው የሚደበድብ ክንድ አንዳንዴ ይሰበራል።

ከሰዓት በኋላ ራሱ ቤታችን መጣ። የክንዴን ያህል ርዝመት ያለው ምቡታ ዓሣ ይዞ።

«ለእናታችን ነው» አለኝ። «ትምህርት እንዴት ነው?»

«ደህና።»

«ኦዴሮ፣ ያን ዕለት ጠዋት...»

«የቱን ጠዋት?»

ዓሣውን ከጤነኛ እጁ ወደ ታሰረው እጁ ጣቶች አዛወረ። «ተወው። ፈተናህን ጨርስ» ብሎ ሄደ።

እናቴ ዓሣውን ጠበሰችው። እኔ አልበላሁም። እሷ በላች፤ አጥንቱን አንድ በአንድ እየለቀመች። ልጇን የገደለ ሰው ያመጣውን ዓሣ።


ረቡዕ፣ መጋቢት 17

እንቅልፍ የለም። አግዋንዳን አየሁት። በወባ ትኩሳት ላይ ሆኖ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ «አትሂድ፣ ጉም ነው፣ መረቡ ይቆይ» ይለኛል። ሕልም ነው።

የኬሚስትሪ ፈተና። ሁለት ጥያቄ ዘለልኩ።

ለንጌሳ መርዝ አይሆንም። ቢላም አይሆንም፤ እጄን አውቀዋለሁ። ሐይቁ ራሱ ነው መሥራት ያለበት።


እሑድ፣ መጋቢት 21

ዛሬ በሰፊው እጽፋለሁ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ናት።

ጀልባችንን የሠራት አባቴ ነው። ስሟ «ነገም አለ» ይባላል፤ በቢጫ ቀለም ጎኗ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ሳንቃዎቹን ሲገጣጥም በመካከላቸው ያለውን ክፍተት በጥጥ ይሞላል። ጥጡን እንደ ገመድ ያከረዋል፣ ሬንጅ ያስነካዋል፣ በመሮና በመዶሻ እየጠቀጠቀ ያስገባዋል። ከላይ ስስ ቆርቆሮ ይመታበታል። ሰው የሚያየው ቆርቆሮውን ነው። ሐይቁን የሚይዘው ግን ጥጡ ነው። «ቆርቆሮ ለዓይን፣ ጥጥ ለነፍስ» ይል ነበር አባቴ። ይህን ሥራ ለእኔ እንጂ ለአግዋንዳ አላስተማረውም። አግዋንዳ ትዕግሥት አልነበረውም፤ መረብ ይወድ ነበር።

አሁን ጀልባዋን የሚያወጣት ንጌሳ ብቻ ነው። ሞተሩን በጤነኛ እጁ ይዞ፣ ብቻውን ወጥቶ ብቻውን ይመለሳል። በአንድ እጅ የሚዋኝ ሰው የለም።

ከውሃው መስመር በታች ሦስት ክንድ ያህል ጥጥ አውጥቼ ቆርቆሮውን መልሼ ብመታው ማንም አያውቅም። ዳርቻው አጠገብ ትይዛለች። ማዕበል ሲያነሳትና ሲጥላት ግን ሳንቃው ይከፈታል። ንጌሳ ያኔ መሀል ላይ ይሆናል። ራንጎም ከሩቅ ያየዋል፣ አግዋንዳን ሲመቱት እንዳየው።

እኔም እንደ እነሱ ትምህርት ቤት እሆናለሁ።

«እንደ እነሱ» ያልኩት ስህተት ነው። እነሱ ትምህርት ቤት አልነበሩም። እኔ ነበርኩ።


ሐሙስ፣ መጋቢት 25

አደረግሁት።

ፈተናው አለቀ። ሰው ሁሉ ኳስ ሊያይ ሜዳ ወርዶ ነበር፤ ጩኸታቸው እስከ ጀልባዎቹ ይሰማል። ጎል ሲገባ እመታ ነበር። የአባቴ መሮ። ጥጡ ረጥቦ ጠቁሮ ወጣ፣ እንደ አሮጌ የሹሩባ ዘለላ። ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። እጄ ሬንጅ ሬንጅ ይሸታል፤ በአመድ አሽቼውም አልለቀቀም።

እናቴ እጄን አየች።


ዓርብ፣ መጋቢት 26

ነፋስ። ማንም አልወጣም። «ነገም አለ» አሸዋው ላይ ናት።

ማታ እናቴ ባቄላ ትለቅም ነበር፣ እኔ ኩራዙን ይዤላት። ድንገት ወሬ አንስታ፣

«አፖንዲ ሰሞኑን ትወልዳለች። ሆዷ ወርዷል» አለች። አፖንዲ የንጌሳ ሚስት ናት።

«ምን አገባኝ።»

«ንጌሳም ይገላገላል። ወንድሜን አልቀበርኩትም እያለ ሲያለቅስ ነው የከረመው።»

«ማን ከለከለው? ለምን አፈር አልጣለም?»

እናቴ ባቄላውን ትታ ቀና አለች።

«ሚስቱ ያረገዘች ሰው የመቃብር አፈር ይነካል እንዴ? ጽንሱን ሊገድል? አባትህ አንተን ሳረግዝ የገዛ እናቱን ሳይቀብር ቀረ። ይህን የማያውቅ የሉኦ ልጅ አለ?»

ኩራዙን መሬት አስቀመጥኩት።

«ክንዱስ?» አልኩ።

«ክንዱን የሰበሩበት የወንድምህን ጭንቅላት ሲጋርድ ነው። "ተዉት፣ ታሟል፣ ከአልጋ አልተነሳም" እያለ የጮኸው እሱ ብቻ ነው። ዳርቻው በሙሉ ሰምቷል። አንተ ማን ምን ነገረህ?»

ማንም ምንም አልነገረኝም። እኔም ማንንም አልጠየቅሁም። አንድ ሰው ብጠይቅ ኖሮ ተመልሶ ይጠይቀኝ ነበር።

ጎህ ሲቀድ ሄጄ ጥጡን እመልሳለሁ። ኪሴ ውስጥ ነው፤ ደርቋል። መሮውን ከትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ።


ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

ነገ እጽፋለሁ። ሁሉም በሕይወት አሉ።


እሑድ፣ መጋቢት 28

ትናንት ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ንጌሳ ነው። አፖንዲን ምጥ ይዟታል፤ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል፤ በሐይቁ ተሻግረን ማዶ ክሊኒክ እንወስዳታለን፣ እናታችን ትምጣልኝ አለ። እናቴ ነጠላ ጫማዋን እየፈለገች ነበር። እኔ ባዶ እግሬን ወጣሁ።

«በሌላ ጀልባ እንሂድ» አልኩት።

«የትኛው ሌላ? ነፋሱ ስለቆመ ሁሉም ሌሊቱን ወጥተዋል።»

«"ነገም አለ" ታረጃለች።»

«አንተ ልጅ፣ ሴትዮዋ አምጣለች እኮ ነው የምልህ።»

ለምን እንደሆነ መናገር ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አልነገርኩትም። ስለዚህ ዘልዬ ገባሁና ጥጡ የወጣበት ቦታ ላይ ተቀመጥኩ።

መሻገሪያው አርባ ደቂቃ ነው። አሥር ደቂቃ ያህል እንደሄድን ውሃው መጣ። የትምህርት ቤት ሹራቤን አውልቄ ስንጥቁ ውስጥ ጠቀጠቅሁና በሁለቱም ተረከዞቼ ተጫንኩት። የተቆረጠውን ጄሪካን ይዤ ውሃውን መድፋት ጀመርኩ። ማዕበሉ ባነሳን ቁጥር ሳንቃው ከእግሬ ሥር እንደ አፍ ይከፈታል። እናቴ ለገንፎ የያዘችውን ድስት ባዶ አድርጋ አብራኝ ትደፋ ጀመር። ውሃውን አላየችም፤ የምታየው እግሬን ነበር።

«ምንድነው እሱ?» አለ ንጌሳ ከሞተሩ ጋ።

«ትንሽ ያስገባል።»

አፖንዲ የእናቴን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛ፣ በሁለት ምጥ መካከል፣ «አንተ ተማሪ፣ የማምጠው እኔ፣ የምታቃስተው አንተ» አለችኝ። እናቴ ሳቀች። አግዋንዳ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው። ያን ሳቅ በዚያ ጀልባ ውስጥ ከምሰማ ብሰጥም ይሻለኝ ነበር።

ደረስን። ልጅቷ ከእኩለ ቀን በፊት ተወለደች። ዝናብ ስለነበር አኮት፣ በዝናብ የተወለደች፣ አሏት።

ንጌሳ ልጅቷን አይቶ ወጣና ጀልባዋን በአንድ ክንዱ፣ እኔ በሁለት፣ አሸዋው ላይ ገለበጥናት። ሹራቤን ከስንጥቁ ሳበው። ቆርቆሮውን በአውራ ጣቱ ጥፍር አነሳ። ሚስማሮቹን ቆጠራቸው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የተመቱት።

«እንዲህ ሁለት ሁለት አድርጎ የሚመታ አባታችሁ ነበር» አለ። «አግዋንዳ ይህን አያውቅም።»

ኪሴ ውስጥ የነበረውን ጥጥ አውጥቼ አሳየሁት። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

«ሚስቴ ውስጧ ነበረች» አለ።

«አላወቅሁም።»

«እናትህ ውስጧ ነበረች።»

ከዚያ ተነሳና ክሊኒኩ ውስጥ ገባ። ነርሷን ለምኖ አንድ ጥቅል የቁስል ጥጥ ይዞ መጣ። «ያ በስብሷል። በዚህ ሥራው» አለኝ። እኔ አከርኩት፣ እሱ ያዘልኝ። ሬንጅ አልነበረንም፤ የሞተር ዘይት ተጠቀምን።

ስንጨርስ እንዲህ አለ። «ሲመቱት አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚለው። "ልጁ ትምህርት ቤት ነው።" ሰው ሁሉ የሚቃዥ መስሎት ነበር። "እኔ ነኝ የጎተትኩት፣ ልጁ ትምህርት ቤት ነው።" ለእኔ ብቻ ነው የገባኝ።»

አሁን ልጻፈው። የካቲት 27፣ ሐሙስ፣ አግዋንዳ በወባ ከተኛ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር። መረቡ ውሃ ውስጥ አድሮ ዓሣው እንዳይበላሽ ብዬ ከትምህርት በፊት ብቻዬን ወጣሁ። እንዳልሄድ ነግሮኛል። ጉም ነበር። የእኛ መረብ ተንሳፋፊዎች ከሰማያዊ ነጠላ ጫማ ሶል የተቆረጡ ናቸው፤ የአባባ ኦባራ አረንጓዴ ናቸው። በጉም ውስጥ ሁለቱም አመድ ይመስላሉ። ብጠብቅ ይነጋ ነበር። ደወል እንዳያመልጠኝ ቸኮልኩ። የአባባ ኦባራን መረብ የእኛ መስሎኝ ጎትቼ፣ ሸራ አልብሼ፣ ሮጥኩ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ፊዚክስ ነበር። በሰዓቱ ደረስኩ።

እናቴ የክሊኒኩ ግድግዳ ሥር ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ሄድኩና «እማዬ፣ መረቡን የጎተትኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«ያን ቀን የለበስከው ሸሚዝ እስከ ብብቱ ረጥቦ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቆበት ነበር» አለች። «ማን ያጠበው ይመስልሃል?»

«ታዲያ ለሊቀመንበሩ ለምን...»

«አንዱን ወስደውብኛል። ሁለተኛውን በእጄ ይዤ ልሂድ?»

ከዚያ ደግሞ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እየጠበቅሁህ ነበር። በየቀኑ ሳህንህን ሳቀርብ ዛሬ ይለኛል እል ነበር» አለችኝ።

ቀብሩ ላይ አንድ እጄ ነፃ ነበር፤ አፈር መጣል እችል ነበር። እናቴን የደገፍኩት በአንድ እጅ ነው። መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትን አልሰርዘውም፤ እንዳለ ይቀመጥ።


ረቡዕ፣ ሚያዝያ 1

ነገ የኮሚቴው ስብሰባ ነው። ንጌሳ «ብቻህን አትገባም» አለ። እናቴ ደግሞ አትሂድ አላለችም፣ ሂድም አላለችም። ሸሚዜን አጥባ ሰጠችኝ። ያንኑ ሸሚዝ።


ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

አሥራ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አባባ ኦባራ ከፊት፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መካከል አድርገው። ንጌሳ በሩ ላይ ቆመ። እናቴ ከእሱ ጎን።

ነገርኳቸው። ጉሙን፣ ተንሳፋፊዎቹን፣ ደወሉን። ድምፄ እንደ ሴት ልጅ ቀጠነ፤ ይሁን። ከእያንዳንዱ መረብ አንድ አንድ ተንሳፋፊ ይዤ ነበር፣ ጠረጴዛው ላይ አኖርኳቸው። አባባ ኦባራ አነሷቸውና ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩአቸው። የቢሮው መስኮት ጠባብ ነው።

«የቱ ነው የኔ?» አሉ።

ሁለቱንም ወደ መስኮቱ ዘረጓቸው።

«እኔ የራሴን ከዚህ ሆኜ አልለየውም» አሉ ደግመው፤ ለእኔ ሳይሆን ለሰዎቹ። ከዘራቸው ወደቀ፣ አላነሱትም።

ሊቀመንበሩ ተነሳ። ምራቁን በአውራ ጣቱ ነክቶ ስሙን አጠፋው። ጠመኔው ለቀቀ፤ ስሙ የነበረበት ቦታ ግን ከሌላው ሰሌዳ ይልቅ ጠቁሮ ቀረ። አሁንም ከበሩ ላይ ይነበባል።

«በሱ ቦታ የኔን ጻፉ» አልኩ።

«የኔ ልጅ፣ ለስህተት ሰሌዳ የለንም።»

«ለገደሉትስ?»

ጠመኔውን ይዞ ቆመ። ክፍሉን ዞሮ አየ፤ አሥራ ሁለቱም ወለሉን ያያሉ። ያን የተሰነጠቀ መስመር አውቀዋለሁ፤ እኔም ብዙ አይቼዋለሁ። ሊቀመንበሩ ጠመኔውን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ስብሰባው አልቋል» አለ።

ስንወጣ አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። እጁ ከባድ ነበር። ማን እንደሆነ ዘወር ብዬ አላየሁም። ማወቅ አልፈለግሁም፤ ምክንያቱም መሮው አሁንም እኔ ጋ ነው።


ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

ከቀብሩ አራተኛ ሳምንት።

ጠዋት መሮውን ለንጌሳ ሰጠሁት። ምንም ሳይጠይቅ ወሰደው። ሚስቱ ስለወለደች ከእኔ በፊት መቃብሩ ጋ መጥቶ ነበር፤ ጫፉ ላይ አዲስ እፍኝ አፈር አለ፣ የአንድ እጅ።

እኔም አጎነበስኩ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር አፈሩ ጭቃ ሆኗል። ጨበጥኩና ጣልኩት። ግማሹ ወረደ፣ ግማሹ መዳፌ ላይ ቀረ።

እናቴ በጣሳ ውሃ ይዛ መጣች፣ ልታስታጥበኝ።

«ትንሽ ይቆይ» አልኳት።

ጣሳውን አጠገቤ አስቀምጣ ወደ ቤት ገባች።